ሁለቱ ግንቦት 8 እና ጋምቤላ

ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ የሱዳን መንግሥት ጦር የገዛ ራሱን ወታደሮች ሊወጋ ቦር ገባ። ነጭ ዓባይ ዳር ያለችውን ይህችን የደቡብ ሱዳን ከተማ ይጠብቅ የነበረው 105ኛው ሻለቃ ለወራት ደመወዝ አልተከፈለውም። ወደ ሰሜን ተዛወር ሲባልም አሻፈረኝ ብሏል። ካርቱም የሻለቃውን አዛዦች ገንዘብ በማጥፋት ትጠረጥር ነበር። ወታደሮቹ በበኩላቸው ሰሜን ከሄድን ትጥቃችንን ተገፈን እዚያው እንበተናለን ብለው ይሰጋሉ። አዛዣቸው ሻለቃ ኬሩቢኖ ኩዋኒን ቦል ነበሩ። ውጊያው ሲያበቃ ቦር በመንግሥት እጅ ገባች። አማፂዎቹ ግን ጠመንጃቸውን እንደታጠቁ ረግረጉንና የሣሩን ሜዳ እያቋረጡ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር አዞሩ።

በአንድ ከተማ ሚዛን ከተለካ አመፁ ከሽፏል። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ ከዚያ በፊትም ብዙ ሴራ ያከሸፉ ሰው ስለነበሩ አንድ ሻለቃ ጦር ድንበር ተሻግሮ መጥፋቱ እንቅልፍ የሚነሳቸው ነገር አልነበረም። ያልቆጠሩት አማፂዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ ነው።

ጋምቤላ ለሱዳን እንግዳ ሆና አታውቅም። ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በ1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል ባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ቦታ ለእንግሊዞች በኪራይ ተሰጥቷቸው ነበር። የክረምቱ ውሃ ሲሞላ እንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተነሡ በዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው እስከዚህ ይመጣሉ፤ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡናም በዚሁ ይወጣል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ቦታው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፣ የወንዙ ንግድም እየተዳከመ ሄደ። ሰዉ ግን መመላለሱን አልተወም። ኑዌሩ ከብቱን እየነዳ በበጋና በክረምት ድንበሩን ይሻገራል፤ አኙዋኩም ዘመዱ ያለው በወዲያም በወዲህም ነው። የመጀመሪያው የደቡብ ሱዳን ጦርነት ስደተኞችም የጋምቤላዋን ኢታንግን ያውቋታል።

ወታደርም ቢሆን መንገዱን ቀድሞ ያውቀዋል። ያ ጦርነት በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስምምነት ሲያበቃ የደቡቡ አማፂዎች፣ የአኛኛ ተዋጊዎች፣ ወደ ሱዳን ጦር ተቀላቅለው ነበር። በ1967 አኮቦ ላይ የነበሩት አመፁ፤ አዛዣቸውን ገድለው ድንበሩን ተሻገሩና ቢልፓም በምትባል የጋምቤላ ጠረፍ ሰፈሩ። ከእነርሱ የበቀለው ቡድን አኛኛ ሁለት ተባለ። የቦር ሰዎች ሲመጡ ስለዚህ ቤቱ ባዶ አልነበረም።

ከቦር ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ግንቦት 28 ቀን 1975፣ ኒሜሪ የደቡቡን ራስ ገዝ አስተዳደር በሦስት ክፍል ሸነሸኑት። የአዲስ አበባው ስምምነት በዚያው ቀን ሞተ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ሰሞን አዮድ ላይ የነበረው 104ኛው ሻለቃ በዊሊያም ኒዮን ባኒ መሪነት አምፆ የቦሮቹን ፈለግ ተከተለ። ኮሎኔል ጆን ጋራንግም ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ጋራንግ አሜሪካ አገር አዮዋ ውስጥ በግብርና ኢኮኖሚክስ ዶክትሬት የሠሩ፣ ኦምዱርማን በሚገኘው የጦር መኮንኖች ኮሌጅ ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ ቦር ስትታመስም እዚያው ቦር ነበሩ።

ክረምቱ ሳይወጣ በኢታንግና በቢልፓም ዙሪያ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር፣ በምኅጻሩ ኤስ ፒ ኤል ኤ፣ ተመሠረተ። የድርጅቱ ማኒፌስቶ የወጣው ሐምሌ 24 ቀን 1975 ነው። አመሠራረቱ ግን ሰላማዊ አልነበረም። እነ ሳሙኤል ጋይ ቱትና አኩኦት አቴም ደቡቡን መገንጠል ይፈልጋሉ፣ መሪነቱም ለእኛ ይገባል ይላሉ። ጋራንግ አዲስ፣ አንድ የሆነች ሱዳን የሚል መፈክር ይዘዋል። አዲስ አበባ የመረጠችው ጋራንግን ነው። ኤርትራ ውስጥ ከተገንጣይ ጋር የሚዋጋ መንግሥት በጓሮው ሌላ ተገንጣይ ሊቀልብ አይችልም። ጋይ ቱት በ1976 ተገደሉ፤ ተከታዮቻቸውም ብዙም ሳይቆዩ የካርቱምን ጥይት ይዘው ከኤስ ፒ ኤል ኤ ጋር ይታኮሱ ጀመር።

የኢትዮጵያን መንግሥት፣ ደርግን፣ የሚወጉት ሻዕቢያና ሕወሓት በሱዳን በኩል ስንቅና መድኃኒት ያስገባሉ፣ እዚያም ቢሮ አላቸው። የደርጉ ስሌት ካርቱም በሰሜን የከፈተችብንን በር እኛ በምዕራብ እንክፈትባት የሚል ነበር። ሊቢያም ኒሜሪን ለመጣል ስትል መሣሪያ ትልክ ነበር። ኤስ ፒ ኤል ኤ ከኢትዮጵያ ምድር የሚተላለፍ ራዲዮ ተሰጠው። ማሠልጠኛው ጋምቤላ አጠገብ ቦንጋ ላይ ተተከለ (የከፋዋ ቦንጋ አይደለችም)።

ኒሜሪ በዚያው ዓመት ማብቂያ የሸሪዓ ሕግ አወጁ፣ ደቡቡም በሙሉ ልቡ ሸፈተ። በ1976 ዓ.ም. የሼቭሮን ኩባንያ የነዳጅ ሥራውን አቋረጠ፤ የጆንግሌ ቦይ ቁፋሮም ቆመ። ኒሜሪ አገሪቱን ከዕዳ ያወጡልኛል ያሏቸው ሁለት ሥራዎች እነዚህ ነበሩ። ዕዳው ሲከብድ፣ ዳቦው ሲወደድ፣ ካርቱም አደባባይ ወጣች። መጋቢት 28 ቀን 1977፣ ኒሜሪ ከአሜሪካ ጉብኝት በመመለስ ላይ ሳሉ፣ የራሳቸው የመከላከያ ሚኒስትር ጄኔራል ስዋር አል ዳሃብ ሥልጣኑን ያዙ። ከቦሩ ውጊያ ሁለት ዓመት አልሞላም። ኒሜሪን የጣላቸው የቦር አመፅ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ድርቁም፣ ዕዳውም፣ የካርቱም የሙያ ማኅበራትም አሉበት። ግን ገንዘቡን የበላውና ነዳጁን ያስቆመው ጦርነት ከዚያ ሻለቃ ደመወዝ ነው የተነሣው።

በዚህ መካከል ጋምቤላ ሌላ አገር ሆነች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታ የመጡ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ጫካ መንጥረው መንደር መሠረቱ። አቦቦ አጠገብ አልዌሮ ወንዝ ላይ በሶቪየቶች እርዳታ ግድብ ይሠራ ጀመር። የኢታንግ መጠለያ አብጦ አብጦ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከ200 ሺህ በላይ ስደተኛ የያዘ፣ በዓለም ካሉት ታላላቅ መጠለያዎች አንዱ ሆነ። ፑኝዶ ላይ ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ሰፈሩ። የእርዳታው ስንዴና ዘይት በጋምቤላ ገበያ ይሸጣል፤ የመጠለያው አስተዳደርም በተግባር በኤስ ፒ ኤል ኤ መኮንኖች እጅ ነው።

የታጠቀ እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ ይጠብበታል። በተለይ አኙዋኮች መሬታቸውን በሰፋሪ፣ በስደተኛና በጦር ሠፈር ተከበው አገኙት። የኤስ ፒ ኤል ኤ ወታደር ሲበድላቸው የሚሰማቸው ዳኛ የለም፣ አዲስ አበባ እንግዳዋን ማስቀየም አትፈልግማ። ፑኝዶ አካባቢ ደም ፈሰሰ። የከፋቸው ወጣቶች ሱዳን ገብተው የጋምቤላ ሕዝቦች ነፃ አውጪ ንቅናቄን አቋቋሙ። እነርሱን የተቀበለቻቸው ደግሞ ያቺው ካርቱም ናት። የኢሕዴሪ ሕገ መንግሥት በ1979 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ እስከዚያ የኢሉባቦር አውራጃ የነበረችው ጋምቤላ ራሷን የቻለች አስተዳደር አካባቢ ሆነች። በዚያ ዘመን ሥልጣኑ ይበልጥ የቀረበው ለኑዌሮች ነበር።

የ1981 ዓ.ም. አጋማሽ ወራት ለጋምቤላ እንግዶች የድል ወቅት ነበሩ። ጥር ላይ ናስርን ያዙ። ሚያዝያ 9 ቀን ደግሞ ቦርን፣ ያቺኑ ያመፁባትንና ያጧትን ከተማ፣ ተቆጣጠሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ደመወዝ የተከለከለው ሻለቃ አሁን ከባድ መሣሪያ የታጠቀ ሠራዊት ሆኖ ተመለሰባት።

አስተናጋጃቸው መንግሥት ግን በተመሳሳይ ወራት ይፈራርስ ነበር። በየካቲት 1980 ኤርትራ ውስጥ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በአገሪቱ መሪ በመንግሥቱ ኃይለማርያም ትዕዛዝ ተረሸኑ። በማግሥቱ ወር አፍአበት ወደቀች፤ የናደው ዕዝም ተደመሰሰ። የካቲት 12 ቀን 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተበተነና መንግሥት መቀሌን ሳይቀር ትግራይን ለቆ ወጣ። ጄኔራሎቹ ጦርነቱ በጠመንጃ እንደማያልቅ ያውቃሉ፣ ለሊቀ መንበሩ መናገር ግን የታሪኩን ዕጣ መጥራት ነው።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለጉብኝት በረሩ። ከቦሩ ውጊያ በትክክል ስድስት ዓመት። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ከእነርሱም መካከል ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ፣ የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ፣ የቀድሞው የአየር ኃይል አዛዥና የጊዜው የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ነበሩበት። አስመራ ላይ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ከተማውን ይዘዋል። የመንግሥቱን አውሮፕላን በአየር ላይ መምታት ተነሥቶ የተጣለ ሐሳብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። ራዲዮ ጣቢያውን አልያዙም። ታንክ አላሰለፉም። ሰዓታት በስብሰባ አለፉ። ከአስመራ በአውሮፕላን ተጭኖ የመጣው የአየር ወለድ ጦር ለምን እንደመጣ በቅጡ ሳይነገረው ቀረ። በእኔ ግምት ጄኔራሎቹ የተሳሳቱት ማዕረጋቸውን አምነው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያዝዙ ኖረዋልና ቢያዝዙ ሠራዊቱ እሺ የሚል መስሏቸዋል። አመሻሹ ላይ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሜጀር ጄኔራል ኃይለጊዮርጊስ ሀብተማርያም ሊያግባቡ ይሁን ሊያስቆሙ ገብተው በጄኔራል አበራ አበበ ጥይት ተገደሉ። የመንግሥቱ ልዩ ጥበቃ ብርጌድ ታንኮች ግቢውን ከበቡ። መርዕድና አምሃ ራሳቸውን አጠፉ። ፋንታ በላይ ግቢው ውስጥ ኮንቴይነር ውስጥ ተደብቀው ከቀናት በኋላ ተያዙ፣ ኋላም በእስር ሳሉ ሞቱ። አበራ አበበ አምልጠው ወራት ከተሸሸጉ በኋላ ተገደሉ። አስመራ ላይ ሻዕቢያ ለመፈንቅለ መንግሥቱ ሲል የሁለት ሳምንት ተኩስ አቁም ቢያውጅም፣ ለመንግሥት ታማኝ የሆኑ የአየር ወለድ ወታደሮች ደምሴ ቡልቶን ገደሏቸው።

መንግሥቱ በማግሥቱ ተመለሱ። ላይ ላዩን ሲታይ ከቀድሞው የበረቱ ይመስሉ ነበር፤ ተቃዋሚ ጄኔራል አልቀረም። ችግሩም ይኸው ነው፣ ጄኔራል ራሱ አልቀረም። ኤርትራን መንደር በመንደር የሚያውቁ አዛዦች ወይ ሞተዋል ወይ ማዕከላዊ ታስረዋል። አዲሱ ኤታ ማዦር ሹም አዲስ ተድላ ሆኑ። በየግንባሩ የተሾመው ሰው የሚመዘነው በታማኝነቱ ስለሆነ መጥፎ ዜና ወደ ላይ የሚያደርስ ጠፋ። ወታደሩ ደግሞ አለቆቹ ራሳቸው ጦርነቱ ይብቃ ማለታቸውን ሰምቷል።

በንጉሡ ላይ ከተነሣው የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ያኔም መሪው ውጭ አገር ነበሩ፣ ያኔም አመፁ ከሸፈ። ንጉሡ ግን የሚዋጋቸው ጦር ስላልነበረ አዲስ መኮንን ሾመው፣ ለወታደሩ ደመወዝ ጨምረው 13 ዓመት ገዙ። መንግሥቱ ጦሩን የመጠገኛ ጊዜ አላገኙም። በ1981 ማብቂያ በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ሸምጋይነት ከሻዕቢያ ጋር ንግግር ተጀመረ፣ አልሰመረም። ኢሕአዴግ ወሎን አቋርጦ ወደ ሸዋ ተጠጋ። የካቲት 1982 ምፅዋ ተያዘች፤ በዚያው ወር መጨረሻ መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ሞስኮም እጇን እየሰበሰበች ነበር። በግንቦት 1982 ታስረው ከነበሩት መካከል 12 ጄኔራሎች ሲረሸኑ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ ይዘው ወጡ።

የአዲስ አበባው ግንቦት 8 ጋምቤላን የነካት ቀስ ብሎ ነው። ጄኔራሎቹ በከሸፉ በስድስት ሳምንት፣ ሰኔ 23 ቀን 1981፣ ካርቱም ውስጥ ብርጋዴር ኦማር አል በሽር ሞክረው ተሳካላቸው። አዲሱ የካርቱም መንግሥት ለኢሕአዴግ፣ ለሻዕቢያና ለኦነግ ድጋፉን አጠናከረ። በ1982 አጋማሽ በአሶሳ በኩል ኦነግ ከሻዕቢያ ጦር ጋር ገብቶ ከተማዋን ሲይዝ፣ ምዕራቡን ለመከላከል ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጎን የተሰለፈው ኤስ ፒ ኤል ኤ ነው። ሰሜን ላይ ያለቀውን ሠራዊት እንግዳው ይተካው ገባ። ከሌላ አገር ሠራዊት የሸሹ ሰዎች የኢትዮጵያን መንግሥት ምዕራባዊ ጠረፍ ሲጠብቁ ማየት፣ ሥልጣኑ ምን ያህል እንደሳሳ ከማንኛውም መግለጫ በላይ ይናገራል።

በ1983 ሚያዝያ ኢሕአዴግ ወለጋን ጠራርጎ ገባ። ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ በናይሮቢ አድርገው ወደ ሐራሬ ኮበለሉ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። አዲስ ተድላ ጣሊያን ኤምባሲ ተጠግተው እስከ 2013 ዓ.ም. እዚያው ቀሩ። በዚያው ግንቦት ማብቂያ የኢታንግ ሕዝብ በክረምት ዝናብ ወደ ናስር ተመመ፤ ትልቁ መጠለያ በቀናት ውስጥ ኦና ሆነ። የፑኝዶ ልጆች ወደ ፖቻላ ሲሸሹ ጊሎ ወንዝ ሞልቶ አገኙት። ከኋላቸው ተኩስ፣ ከፊታቸው ጎርፍ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሰጠሙ። የተረፉት በዓመቱ ኬንያ፣ ካኩማ ደረሱ።

ኤስ ፒ ኤል ኤ ራዲዮኑን፣ ማሠልጠኛውን፣ የስንቅ መንገዱን በአንድ ወር አጣ። የጋራንግ አመራር ያረፈው የአዲስ አበባን በር በመያዛቸው ላይ ነበርና በሩ ሲዘጋ የተቀናቃኞቻቸው ድምፅ ተሰማ። ነሐሴ 22 ቀን 1983 ሪክ ማቻር፣ ላም አኮልና ጎርደን ኮንግ ናስር ላይ ጋራንግን ከሥልጣን አውርደናል አሉ። አላወረዷቸውም። አመፅ የወለደው ድርጅት በራሱ አመፅ ተከፈለና በኅዳር 1984 የናስር ወገን ኃይሎች ወደ ቦር ዘመቱ። የተጨፈጨፈው የቦር ዲንካ ሲቪል በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ሥልጣኑ ተገለበጠ። የጋምቤላ ሕዝቦች ነፃ አውጪ ንቅናቄ ከአሸናፊዎቹ ጋር ገባ፤ በሽግግሩ ዘመን ጋምቤላ ክልል 12 ስትባል ወንበሩን የያዙት አኙዋኮች ናቸው። በደርግ ጊዜ ሹመት የነበራቸው ኑዌሮች ብዙዎቹ ሱዳን ገቡ። የአልዌሮ ግድብ ሥራ ተቋረጠ፣ ሰፋሪዎችም በከፊል ወደየመጡበት ተመለሱ። የሁለቱ ሕዝቦች የሥልጣን ሽኩቻ በክልሉ ፖለቲካ ውስጥ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ዘለቀ።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ጁባ ውስጥ የፕሬዚዳንቱ ጥበቃ ጦር እርስ በርሱ ተታኮሰ። ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር የከሸፈ መፈንቅለ መንግሥት ነው አሉ፤ ከወራት በፊት ከምክትልነት ያነሷቸው ሪክ ማቻር የለሁበትም ብለው ወደ ጫካ ወጡ። የታወቀው መንገድ እንደገና ተጨናነቀ። በ1999ኙ ቆጠራ 307 ሺህ ያህል ሕዝብ የነበረው የጋምቤላ ክልል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኛ አስተናገደ። ኩሌና ቴርኪዲ የተባሉ አዳዲስ መጠለያዎች ተከፈቱ፤ ሌችዎር የተባለው ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ጎርፍ ዋጠው።

የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ማቻር ወደ ጁባ ይመለሱ ሲባል የተነሡት ከጋምቤላ ነበር። ከእርሳቸው ጋር ስንት ወታደር፣ ስንት መትረየስ ይግባ በሚለው ክርክር ጉዞው እየተላለፈ ለቀናት ከተማዋ ውስጥ ቆዩ። ሚያዝያ 18 ቀን 2008 ዓ.ም. በረሩ። ሐምሌ ሳይጋመስ ጁባ እንደገና በታንክ ታመሰች፣ እርሳቸውም በእግራቸው ወደ ኮንጎ ሸሹ።